ጓደኛዬን ወክዬ ሂዩጎ ሽልማት ላይ የተቀመጥኩ ለታ

ጓደኛዬ ለሂዩጎ ሽልማት በታጨበት ዓመት ቪዛ ተከለከለ። አዳራሹ ውስጥ የእሱ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ሁለታችንም ብዙ ተሳስተናል፤ አንዱ የእኔ ስህተት ግን እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሆዴን ይቆርጠኛል። ከእናንተ መካከል አንድ ቀን የሚታጭ፣ ወይም እንደ እኔ ወኪል ሆኖ የሚሄድ ሰው ይኖራል ብዬ ስለማምን ነው የምጽፈው። ስሙን፣ ዓመቱንና ከተማውን አልጠራም፤ ታሪኩ የእሱ ነውና። የቀረውን እንዳለ እነግራችኋለሁ።

ሂዩጎን ለማያውቅ ባጭሩ። ሳይንሳዊ ልቦለድና ፋንታሲ ለሚጽፉ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነው። መጀመሪያ የተሰጠው በ1953 ፊላዴልፊያ ውስጥ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከ1955 ወዲህ በየዓመቱ አለ። ስሙን ያገኘው በ1926 አሜዚንግ ስቶሪስ የተባለውን መጽሔት ካቋቋመው ከሂዩጎ ገርንስባክ ነው። የሚሰጠው ወርልድኮን በሚባለው የአንባቢዎችና የጸሐፊዎች ጉባኤ ላይ ሲሆን ጉባኤው ከተማ ይቀያይራል። በ2023 ቼንግዱ፣ በ2024 ግላስጎ፣ በ2025 ሲያትል ነበር። ዋንጫው ቀጥ ብሎ የቆመ ብርማ ሮኬት ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ግን የዳኞች ቡድን የሌለው መሆኑ ነው። የሚመርጡት አንባቢዎች ናቸው። አባልነት የገዛ ሁሉ ድምፅ አለው።

ነገሩ የጀመረው ጓደኛዬ ማታ ላይ በደወለልኝ ስልክ ነው። «እስቲ አንድ ኢሜይል ልላክልሽና አንብቢው፤ አጭበርባሪ መሰለኝ» አለኝ። አነበብኩት። አጭር ልቦለድህ ከመጨረሻዎቹ ስድስት እጩዎች አንዱ ሆኗል ይላል። እጩነቱን ትቀበል እንደሆነ እስከዚህ ቀን መልስ ስጥ፣ ዝርዝሩ በይፋ እስኪወጣ ለማንም አትናገር ይላል። ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ አራት ቀን ተቀምጦ ነበር። ለመልሱ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። እኔም መጀመሪያ ተጠራጠርኩ። የላኪውን አድራሻ ከጉባኤው ድረ ገጽ ጋር ሳስተያየው ግን ልክ ነው። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ዝም አልን። ከዚያ እሱ «ስድስት?» አለ። «ስድስት» አልኩት። እያለቀሰ እንደሆነ የገባኝ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ድምፁ ሲቆራረጥ ነው።

ስለዚህ በዚያ ዓመት ያሳተማችሁት ሥራ ካለ፣ እጩ የማቅረቢያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ስፓማችሁን በየቀኑ እዩ። ምን አሳጭቶኝ ብላችሁ አትተዉት። ኢሜይሉ ከመጣ አድራሻውን አጣሩና በዚያው ቀን መልሱ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። ጓደኛዬ «ለማንም አትናገር» የሚለውን ቃል በቃል ወሰደው። የቪዛ ጉዳይ ለመጀመር የጉባኤው አዘጋጆች የግብዣ ደብዳቤ ሊጽፉለት ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ምስጢር ማውጣት መስሎት ዝርዝሩ በይፋ እስኪነገር ጠበቀ። እኔም ልክ ነህ አልኩት። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። ደብዳቤው መጣ፣ ቀጠሮ ተያዘ፤ ቀጠሮው ሲደርስ ግን ጉባኤው ሊከፈት የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። ተከለከለ። የተሰጠው ወረቀት ላይ ስለ ጽሑፉም ስለ ሽልማቱም አንዲት ቃል የለም። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «በቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ለሁለት ቀን ስልክ አላነሳም።

አዘጋጆቹ እኮ ምስጢሩን ራሳቸው ያውቁታል! ኢሜይሉን የጻፉት እነሱ ናቸው። ለእነሱ «ቪዛ ያስፈልገኛል፣ ደብዳቤ ጻፉልኝ» ማለት ምስጢር ማውጣት አይደለም። እጩነቱን የምትቀበሉበት ኢሜይል ላይ፣ እዚያው ታች፣ የደብዳቤውን ጥያቄ አብራችሁ ጻፉ። ደብዳቤው ቪዛ ያሰጣል ማለቴ አይደለም። ቢያንስ ግን ጊዜው አያመልጣችሁም፤ አንዴ ቢከለክሏችሁ እንኳ እንደገና ለመሞከር ቀን ይተርፋችኋል። እሄዳለሁ ብላችሁ እርግጠኛ ብትሆኑም ደግሞ ወኪላችሁን አስቀድማችሁ አስመዝግቡ። እኛ ያን ያደረግነው ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ደውሎ «እንግዲህ አንቺ ነሻ የምትቀመጪልኝ» አለኝ። እኔ በአንባቢነቴ ልሄድ ቲኬት ቆርጬ ነበር።

ስለ አባልነት አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ እኔ ራሴ ከዚያ በፊት የተሳሳትኩበት ስለሆነ። ለመታጨት አባል መሆን አያስፈልግም። እጩ ለማቅረብ ግን ያስፈልጋል፤ የዘንድሮው ወይም ያለፈው ዓመት ወርልድኮን አባል መሆን ይበቃል፣ እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ ከተመዘገባችሁ። የመጨረሻው ድምፅ ላይ ግን የዘንድሮ አባል ብቻ ነው የሚመርጠው። አንድ ዓመት የወደድኩትን ታሪክ እጩ አድርጌ አቅርቤ፣ ታሪኩም አልፎ፣ በመጨረሻው ዙር ድምፅ ልሰጥለት ስሄድ በሩ ተዘጋብኝ። ያለፈው ዓመት አባል ነበርኩ እንጂ የዚያን ዓመት አልነበርኩም። ጉባኤው ላይ መገኘት ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ስትገዙ የምትገዙት የትኛውን እንደሆነ አንብቡ።

ዝርዝሩ በይፋ ሲወጣ ደስታው ለአንድ ሳምንት ሙሉ ነበር። ብዙ ሰው የጠየቀኝ «በአማርኛ የተጻፈስ ይታጫል ወይ?» የሚለውን ነው። አዎ፣ ይታጫል። ደንቡ በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈን ሥራ ይቀበላል። በሌላ ቋንቋ ታትሞ የነበረ ሥራ ደግሞ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ መጀመሪያ በወጣበት ዓመት እንደ አዲስ የመታጨት ዕድል ያገኛል። በ2015 የልቦለዱን ሮኬት የወሰደው ከቻይንኛ የተተረጎመ የሊዩ ሲሺን ሥራ ነው፤ ተርጓሚው ኬን ሊዩ ነበር። እና እባካችሁ ጥሩ ተርጓሚ ፈልጉ፤ ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ከዚያ መጠበቁ መጣ። ጓደኛዬ በየቀኑ ድምፅ መለመን አማረው። አንድ ዘመዱ ደግሞ፣ በቅንነት ነው፣ «ለሃያ ሰው አባልነት እኔ ልግዛና ሁሉም አንተን ይምረጡ» አለው። እሱ ልቡ ሸፍቶ ነበር፣ አልዋሽም። ሌሊት ደውሎ «ምን ይመስልሻል?» ሲለኝ ከአልጋዬ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። በ2024 ግላስጎ የሆነውን ነገርኩት። አዘጋጆቹ 377 ድምፅ ሰርዘዋል። አንድን እጩ ለማሳለፍ በጅምላ የተገዙ መሆናቸውን ደርሰውበት ነበር፤ ስሞቹን ሲያዩ ከአንዱ ወደ ሌላው አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረባቸው ሁሉ ነበሩ። እጩው ራሱ እንደማያውቅ ስላመኑ ስሙን አላወጡም። ግን አስቡት፤ ስማችሁ ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር ቢነሳ ሮኬቱን ቤታችሁ አስቀምጣችሁ ታዩታላችሁ? ጓደኛዬ ለዘመዱ አመስግኖ እምቢ አለው። ያን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም።

ድምፅ አሰጣጡን ማወቅም ያረጋጋል። መራጩ አንዱን ብቻ መርጦ አይወጣም፤ ስድስቱን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ከሁሉ ያነሰ ያገኘው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ቀጥሎ ወደ ጻፉት ይተላለፋል። እንዲህ እየተባለ አንዱ እስኪያሸንፍ ይኬዳል። ስለዚህ የብዙ ሰው ሁለተኛ መሆን ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ «ሽልማት የለም» የሚል ምርጫም አለ፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በ2015 በቡድን ተደራጅተው ዝርዝሩን በሞሉ ሰዎች የተቆጡ መራጮች በአምስት ዘርፎች ማንም እንዳይሸለም አድርገዋል። ድምፅ የምትሰጡ ከሆነ ያነበባችሁትን ሁሉ ደረጃ ስጡት። ከ«ሽልማት የለም» በታች የምታስቀምጡት በእርግጥ አይገባውም የምትሉትን ብቻ ይሁን።

ከሥነ ሥርዓቱ በፊት የስሙን አጠራር የሚጠይቅ ቅጽ መጣ። ስሙ ውስጥ «ጸ» አለ፤ ለውጭ ሰው አፍ አይመችም። በላቲን ፊደል ጽፌ ልልክ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በ2020 በኦንላይን በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ላይ የብዙ እጩዎች ስም እየተዛባ ተጠርቶ ብዙ ሰው አዝኗል፣ ተቆጥቷልም። ስለዚህ ደወልኩለትና ስሙን በራሱ ድምፅ ቀድቶ እንዲልክ አደረግኩ። አንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዴ በወትሮው ፍጥነት። ይህ በዚያ ሰሞን በትክክል ያደረግኩት አንዱ ነገር ነው። እናንተም የጽሑፍ ማብራሪያ አትላኩ፤ ድምፃችሁን ላኩ።

ንግግሩ ላይ ግን አጠፋሁ። እሱ የጻፈው አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ታሪኩን መጀመሪያ ላነበበችለት እህቱ፣ ለአርታኢዋ፣ ለአንባቢዎች ምስጋና። እኔ አሳምሬ ልጨምርበት ብዬ ወደ አንድ ገጽ አደረስኩት። ጥቅስ ሁሉ ጨመርኩበት። ስልክ ላይ አንብቤለት ስጨርስ «ቆንጆ ነው፤ ግን እኔ አይደለሁም» አለኝ። ልክ ነበር። ወደ አምስቱ መለስኩት። ወኪል ከሆናችሁ የሰውየውን ቃል እንዳለ አንብቡ፣ ከራሳችሁ «እሱን ወክዬ ነው» ብቻ በሉ። በትልቅ ፊደል ወረቀት ላይ አትሙት። አዳራሹ ጨለማ ነው፣ መድረኩ ላይ መብራቱ ዓይን ይወጋል፣ ስልክ ደግሞ ሊዘጋ ይችላል።

የዝግጅቱ ቀን ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ለእጩዎች የሚደረግ መስተንግዶ አለ። ፎቶ ይነሳሉ፣ ይተዋወቃሉ። ለእጩዎች የምትሰጥ ልብስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ብርማ ሮኬት አለች። የእሱን ተቀበልኩለት። ልሰካት አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። የእኔ አይደለችማ። በመሐረብ ጠቅልዬ የኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተትኳትና ማታውን ሙሉ በየደቂቃው እየዳበስኩ አረጋግጥ ነበር። መስተንግዶው ላይ ግን ብሉ። እኔ ከጭንቀት ምንም አልቀመስኩም። ሥነ ሥርዓቱ ረጅም ነው፣ የልቦለድ ዘርፎች የሚመጡትም ወደ ኋላ ላይ ነው። የእሱ ተራ ሲደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግማሹ ረሃብ ነው።

ስድስቱ ስሞች ተነበቡ። የእሱ በትክክል ተጠራ፤ «ጸ» እንኳ ሳትቀር። አልቅሼ ልወድቅ ነበር። ከዚያ ኤንቨሎፑ ተከፈተ። የሌላ ሰው ስም ነበር።

አጨበጨብኩ። ያሸነፈውን ታሪክ አንብቤዋለሁ፣ ግሩም ነው። እጄ ግን ወዲያው ወደ ስልኬ ሄደ። ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው። «አልሆነም፣ አይዞህ» ብዬ ላክሁለት።

እሱ ዘንድ ግን ኤንቨሎፑ ገና አልተከፈተም።

የቀጥታ ሥርጭቱ ከአዳራሹ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን አላሰብኩትም። እሱ ቤት እናቱ፣ እህቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ላፕቶፑን ከበዋል። ስልኩ ጮኸ፤ አየው። ከብዙ ቀን በኋላ ነው የነገረኝ። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቀና ሲል እናቱ እጁን ይዛዋለች። ስሙ ሲጠራ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ እሱም አብሯቸው ጮኸ። ከዚያ እስኪከፈት ያለችውን ጊዜ፣ መልሱን እያወቀ፣ እጁን እናቱ እጅ ውስጥ አድርጎ ከእነሱ ጋር በተስፋ ጠበቀ። ስሙ ሳይሆን ሲቀር እንደ አዲስ ደነገጠ። ለእነሱ ብሎ።

ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም ይቅር ብሎኛል። ቢሆንም ያቺ ደቂቃ የእሱ ነበረች። ስለዚህ ወኪል ሆናችሁ ብትሄዱ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያሸንፍም አያሸንፍ፣ እሱ ራሱ ቀድሞ እስኪጽፍላችሁ ድረስ አንዲት ቃል አትላኩ። ስልኩን አጥፉት። ለሽንፈቱም ተዘጋጁ፤ እኛ ያሸነፈ እንደሆነ ምን እንደምናደርግ ደቂቃ በደቂቃ ተነጋግረን ነበር፣ ላላሸነፈ ግን አንድም ነገር አላልንም። ማን ነው ቀድሞ የሚደውለው? ቤት ያለው ሰው ብቻውን ይሁን ወይስ ከቤተሰብ ጋር? እነዚህን ፊት ለፊት ተነጋገሩባቸው። ሟርት አይደለም።

ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ወደ ሆቴሌ ሄጄ ልተኛ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠች፣ በሌላ ዓመት እጩ የነበረች ሴት በር ላይ አገኘችኝና ክንዴን ይዛ «ዛሬ ማታ ብቻሽን አትሆኚም» አለችኝ። ያላሸነፉ እጩዎች የሚሰባሰቡበት ግብዣ አለ። በ1976 ካንሳስ ሲቲ ላይ ጸሐፊዎቹ ጆርጅ አር አር ማርቲንና ጋርድነር ዶዝዋ የጀመሩት ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆየው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ እዚያ ስገባ ገባኝ። ያላሸነፉት ተቃቅፈው ይስቃሉ። የማን ወኪል እንደሆንኩ ስናገር ሁለት ሰዎች ታሪኩን ማንበባቸውን ነገሩኝ፤ አንዱ የመጨረሻውን ትዕይንት እየተረከ እጁን ያወናጭፍ ነበር። ስልኬን አውጥቼ በቪዲዮ ደወልኩለት። እሱ ዘንድ ሌሊቱ ተጋምሷል። አነሳው። የማያውቀው ሰው ስለ ገጸ ባሕሪው ሞት ሲከራከረው አየሁት፤ ዓይኑ አብጧል፣ ግን ይመልስለታል፣ አልፎም ይሟገተዋል። እጩ ሆናችሁ ሂዱ፣ ወኪል ሆናችሁ ሂዱ፣ ያ ግብዣ እንዳያመልጣችሁ።

በዚያው ሌሊት የድምፅ ቆጠራው ሙሉ ዝርዝር ወጣ። ይህ የሂዩጎ ወግ ነው፤ ማን ስንት እንዳገኘ አይደበቅም። የ2023ቱ ዘግይቶ በጃንዋሪ 2024 ሲወጣና አንዳንድ ሥራዎች ያለ ማብራሪያ «ብቁ አይደሉም» ተብለው ሲገኙ ትልቅ ቁጣ የተነሳው ለዚህ ነው። እኔ በዚያ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ከፈትኩትና ዙሮቹን ቆጠርኩ። እንዲህ ያለው ሰው ወደ እሱ ቢዞር፣ እንዲያ ቢሆን እያልኩ እስኪነጋ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቁጥሩ ነገም እዚያው አለ። ደክሟችሁ፣ አዝናችሁ ስታዩት የምታዩት የጎደለውን ብቻ ነው።

ሳምንት ቆይቼ ስከፍተው ያላየሁትን ገጽ አየሁ። እጩ የቀረበበትን ገጽ። እጩ ስታቀርቡ የምትመርጡበት ዝርዝር የለም፤ ባዶ መስመር ነው ያለው። ሰው በየዘርፉ እስከ አምስት ሥራ ድረስ ርዕሱንና የጸሐፊውን ስም ራሱ አስታውሶ ይጽፋል። በዚያ ዓመት ከወጣው ስፍር ቁጥር የሌለው አጭር ልቦለድ መካከል፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የእሱን ርዕስ ፊደል በፊደል የጻፉ ሰዎች ናቸው እዚያ የተቆጠሩት። ገጹን ቆርጬ ላክሁለት። የእሱን መስመር ብቻ። ለረጅም ጊዜ አልመለሰም። ከዚያ «እነዚህን ሁሉ እኮ አላውቃቸውም» አለኝ።

ሮኬቷን በእጅ ላደርስለት አስቤ ነበር፣ አልሆነም፤ በፖስታ ላክኳት። የክትትል ቁጥር ባለው ላኩ እንጂ እንደ እኔ በተራ ፖስታ አትላኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ስትደርሰው ፎቶ ላከልኝ። ላፕቶፑ አጠገብ፣ ከመሐረቤ ጋር። ከሥሯ ግን ስለ እሷ ምንም አልጻፈም። አንድ ሦስት ታሪክ አንብቦ መውደዱን ጽፎ፣ የዘንድሮው እጩ ማቅረቢያ የሚዘጋው መቼ እንደሆነ ነበር የጠየቀኝ።